ሳልቀምስ የፈረምሁት

ከእኛ መጋዘን ወደ ተራራ የሚሄድ ምግብ ሁሉ አስቀድሞ በሰው አፍ ያልፋል። የአሠሪያችን ሕግ ይህ ነው። ገመድ በክብደት ሳይፈተን፣ ምድጃ ሳይለኮስ፣ ድንኳን ተተክሎ ሳይታይ፣ ምግብም ሳይቀመስ በርሜል ውስጥ አይገባም። እኔ በዚህ ሕግ ሥር ሦስት ዓመት በታማኝነት ሠራሁ፤ በአራተኛው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም፣ አፈረስሁት። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ነው።

ድርጅቱ አነስተኛ ነው። ከፍ ያለ ተራራ መውጣት የሚሹ ሰዎችን ሰብስቦ፣ መሪ ሰጥቶ፣ ስንቃቸውን አሰናድቶ ወደ ሂማላያ ይወስዳል። መጋዘኑ ያለው በሲያትል ደቡብ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ነው። ልጄ ወደዚህ ሀገር ባመጣኝ ጊዜ ከስድሳ ዓመት አልፌ ስለነበር ሥራ አገኛለሁ ብዬ ተስፋ አላደረግሁም። ያስቀጠረኝ የእጅ ጽሑፌ ነው። በወጣትነቴ ከቤተ ክርስቲያን ዜማ ጋር የቁም ጽሕፈት ተምሬአለሁ፤ ቀለም በጥብጬ በብራና ላይ ጽፌአለሁ። ያ እጅ የእንግሊዝኛውንም ፊደል እንግዳ ሳያደርግ ተቀበለው። በከረጢትና በበርሜል ላይ የሚጻፈው ነገር በብርድ የፈዘዘ ዓይን ሊያነበው የሚገባ ስለሆነ፣ አሠሪዬ የጻፍሁትን ባየች ጊዜ “ይህን ሰው አትልቀቁት” አለች።

እርሷ ከእኔ ዐሥር ዓመት ያህል ታንሳለች። ከግራ እጇ የሁለት ጣቶች ጫፍ የለም፤ ብርድ ወስዶታል። እንዴት እንደ ሆነ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጊዜ ነገረችኝ፤ ከዚያ በኋላ አንሥታው አታውቅም። ገና ወጣት መሪ ሳለች ማንም ያልቀመሰውን ስንቅ ይዛ ወጣች። በከፍተኛው የድንኳን ሰፈር ላይ ሲከፈት በምግቡ ውስጥ ያለው ቅቤ ተበላሽቶ ተገኘ። እርሷ እንደ ምንም ዋጠችው፤ የምትመራው ሰው ግን ሆዱ አልቀበል አለ። በዚያ ከፍታ ያልበላ ሰው አይሞቅም፤ ያልሞቀ ሰው አይራመድም። ጓንቷን አውልቃ በእጇ እየደገፈች ልታወርደው ሞከረች። “እኔ ወረድሁ፤ እርሱ አልወረደም” አለችኝ። የቅምሻው ሕግ የተወለደው ከዚያ ነው።

ከዓመታት በኋላ ደግሞ ያገኛት ሕመም ማሽተትንና መቅመስን ከእርሷ ወሰደ። ሎሚና ወተት ዛሬ ለአፏ አንድ ናቸው። እንግዲህ ሕጉን የሠራችው እርሷ ሆና ሳለ፣ ሕጉን ልትፈጽም የማትችል እርሷ ብቻ ሆነች። የምትቀምሰው በእኛ ምላስ ነው።

የዚያ ዓመት ጉዞ ወደ ማካሉ ነበር፤ ከዓለም እጅግ ከፍ ካሉት ተራሮች አንዱ ነው። በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ከወለሉ እስከ ቁመቴ የሚደርስ ወረቀት ተለጠፈ። በወረቀቱ ላይ ሰዎቹ ካትማንዱ ከሚደርሱበት ቀን አንሥቶ እስከሚመለሱበት ድረስ የእያንዳንዱ ቀን ነገር ተጽፏል። የታችኛው ሰፈር፣ ከእርሱ በላይ ደግሞ ሦስት ሰፈሮች አሉ። ሰዎቹ ወደ መጀመሪያው ሰፈር ይወጣሉ፤ ይወርዳሉ። ወደ ሁለተኛው ይወጣሉ፤ ዳግመኛ ይወርዳሉ። ሰውነት ስስ የሆነውን አየር የሚለምደው እንዲህ ነው። አንድ ጊዜ ጫፍ ለመድረስ ተራራውን ደጋግሞ መውጣት እንዳለባቸው ከዚያ ወረቀት ላይ ባነበብሁ ጊዜ፣ በዜማ ቤት አንዱን ምዕራፍ ሰባት ጊዜ ያስኬደኝ መምህሬ ትዝ አለኝ።

በታችኛው ሰፈር ምግብ የሚያበስሉ የሀገሩ ሰዎች አሉ። ከዚያ በላይ የሚበላው ግን ከእኛ ዘንድ ይሄዳል፦ የደረቀ ምግብ፣ ሾርባ፣ ፎርማጆ፣ ቸኮሌት። ለመጨረሻው ሰፈርና ለጫፉ ቀን ደግሞ አሠሪያችን ራሷ የቀመመችው አንድ ነገር አለ፤ ቅቤ፣ አጃ፣ ለውዝና ማር በአንድነት ተለውሶ በትንንሽ እሽግ ይሞላል። እኛ “ልውሱ” እንለዋለን። በስድስት የተለያዩ ቀኖች፣ በስድስት ዙር ይዘጋጃል፤ በየእሽጉም ላይ የዙሩን ቁጥር እጽፋለሁ። ከየዙሩ አንድ እሽግ ተከፍቶ ይቀመሳል። የቀመሰ ሰው በቅምሻው ወረቀት ላይ “መልካም” ወይም “መጥፎ” በሚለው ዓምድ ሥር ምልክቱን ያኖራል። እኔ የማኖረው የክርስትና ስሜን የመጀመሪያ ፊደል ነበር፤ በግዕዝ ፊደል። አሠሪዬ ቅርጹን ትወደው ነበር።

ልውሱን የምቀምሰው እኔ ነኝ። ሥራው የተሰጠኝ ከዚያ ጾም ጥቂት ቀደም ብሎ በመጸው፣ በፍስክ ወራት ነበርና ያን ጊዜ ማንም አልተቸገረም።

ከምንኖርበት ከፌደራል ዌይ ወደ መጋዘኑ የምታመላልሰኝ የሥራ ባልደረባዬ የደሴ ልጅ ናት፤ ሙስሊም፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ወደ አርባ የሚጠጋት። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዳለኝ ከሰማች ወዲህ “የኔታ” ትለኛለች። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በጥቂት ቀን ልዩነት ገቡ። በመጀመሪያው ሳምንት መኪናዋ ውስጥ ሆነን እንዲህ አለችኝ፦

“የኔታ፣ ዘንድሮ መጋዘኑ በሙሉ ጾመኛ ሆነ እኮ። የሚበላው በርሜል አንሺው ፎርክሊፍት ብቻ ነው፤ እሱም ቻርጅ ሲደረግ።”

ሳቅሁ። እርሷ ግን ቀጠለች።

“እኔ ለሴትዮዋ ገና በዋዜማው ኮል አደረግኩላት። ‘ቀን ቀን አልቀምስም፤ ሳምፕሉን ቤት ወስጄ ከመግሪብ በኋላ እቀምሳለሁ’ አልኳት። ኦኬ አለች፣ አለቀ። እርስዎስ ነገሯት?”

“ምኑን?”

“ልውሱ ቅቤ አይደል እንዴ? የእርስዎ ጾም ማታም አይለቅም።”

“ጾም ለሰው አይነገርም፣ ልጄ።”

“እኔ ነገርኩ፤ ታዲያ አላህ ‘ለሴትዮዋ ስለነገርሽ ጾምሽን አልቀበልም’ ያለኝ ይመስልዎታል?”

“የአንቺ ሌላ ነው።”

“የእኔ ሌላ አይደለም የኔታ። ለእኔ ይስጡኝ፣ ማታ ከሾርባው ጋር እቀምሰዋለሁ። ሶ፣ ምን ችግር አለው?”

“አያስፈልግም። እኔ መላ አለኝ” አልሁ።

መላ አልነበረኝም። የነበረኝ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱን ለራሴ እነግረው ነበር፣ ሌላውን ግን አልነግረውም ነበር። ለራሴ የምነግረው፣ የሚጾም ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ ራሱን ተቀብቶ ጾሙን ከሰው ዓይን እንዲሰውር ታዝዟል የሚለውን ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬአለሁ፤ በዐውደ ምሕረት ቆሜም አስተምሬአለሁ። ለራሴ የማልነግረው ደግሞ ፍርሃቴን ነው። የእኛ ጾም ብዙ ነው። አንዱን ብነግራት ሁሉንም ልነግራት ነው፤ ሁሉንም ብነግራት “ይህ ሽማግሌ በዓመቱ እኩሌታ ለቅምሻ አይሆንም” ትላለች ብዬ ፈራሁ። ያን ሥራ እወደው ነበር። በልጄ ቤት ከቁርስ እስከ እራት ቴሌቪዥን ፊት ከመቀመጥ ያዳነኝ እርሱ ነው።

በዘወረደ ሳምንት የመጀመሪያው ዙር መጣ። አንዱን እሽግ ከፈትሁ፤ አሸተትሁ። ማርና ለውዝ ሸተተኝ። መልካም ነው አልሁ። ብዕሬን አነሣሁና “መልካም” በሚለው ዓምድ ሥር ፊደሌን ጻፍሁ። ጽሑፉም አማረ። እሽጉን በወረቀት ጠቅልዬ ጣልሁት። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ማሽተቱንም አሳጠርሁ። አራተኛው በመጣ ጊዜ የከፈትሁትም አይመስለኝም። በዚያን ሰሞን አዘውትሬ እያስቀደስሁ፣ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳልቀምስ እውል ነበር። ጾሜ እንደዚያ ዓመት አምሮልኝ አያውቅም ብዬ አስብ ነበር።

በደብረ ዘይት ሳምንት፣ በሰኞ ቀን፣ በርሜሎቹ ታሸጉ። ዐሥራ ሁለት ሰማያዊ በርሜሎች ናቸው። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የጭነት መኪና መጥቶ ወደ አየር ማረፊያው ሊወስዳቸው ተቀጥሯል። የመጨረሻውን ክዳን ስናጠብቅ ከሊንውድ ከተማ አንዲት ሴት መጣች፤ ከሚወጡት ሰባት ሰዎች አንዷ ናት። የትምህርት ቤት መምህርት ነች፤ ጠጉሯ ሸብቷል። ጫማዋን ልታስፈትሽ ነበር የመጣችው፤ ነገር ግን ዞር ዞር ብላ በርሜሎቹን ስትመለከት ቆየችና ወደ እኔ ቀረበች።

“ይህን የጻፍኸው አንተ ነህ?” አለችኝ።

“አዎን።”

“ባለፈው ዓመት በሌላ ተራራ ላይ ነበርሁ። ምግብ ሁሉ አስጠላኝ። በላይኛው ሰፈር ሁለት ቀን ምንም አልወረደልኝም፤ ከዚያ ያንን የቅቤ ነገር ሰጡኝ። እርሱ ብቻ ወረደ። በእግሬ የተመለስሁት በእርሱ ነው።” ዝቅ አለችና ከበርሜሉ ጎን ያለውን የእሽጎቹን ዝርዝር በጣቷ ነካች። “ዘንድሮም ለባሌ የነገርሁት ይህንኑ ነው። ‘እርሱ ካለ አትስጋ፤ የምበላው ነገር አለ’ አልሁት። አንተ ቀመስኸው?”

አሠሪዬ ከጎናችን ቆማ ነበር። “እርሱ ነው የሚቀምሰው” አለች፤ በኩራት አለች።

መምህርቲቱ እጄን ጨብጣ አመሰገነችኝ። እኔም “ምንም አይደል” አልሁ። ወደ ክዳኑም ተመለስሁ።

ያን ዕለት በልጄ ቤት የቀረበልኝን የጾም እራት ሳልነካ ተነሣሁ። ምራቴ “አባባ፣ አመመዎት?” አለች። ጸሎቴን ጀመርሁ፤ ልቤ ከመጋዘኑ ወጥቶ አልመጣም። በዜማ ቤት ሳለሁ መምህሬ አንዱን ተማሪ “ዘልቋል” ብለው ለመመስከር እስከ መጨረሻው ድረስ በጆሯቸው ይሰሙት ነበር። አንድ ጊዜ ታመው በተኙበት ወራት የአንድ ትልቅ ሰው ልጅ ምስክርነት ሊቀበል መጣ። ሌሎቹ መምህራን ሰምተውት ነበር፤ የእርሳቸው ቃል ብቻ ቀርቶ ነበር። “እኔ አልሰማሁትም” አሏቸው የልጁን ሰዎች፤ ከዚህ ሌላ አንድም ነገር አልጨመሩም። ልጁ ክረምቱን ሙሉ ቆይቶ አሰማቸው። እኔ ያን ጊዜ ለመምህሬ እሳት የማነድድ፣ ውኃ የማሞቅ ነበርሁ፤ ሁሉን በዓይኔ አይቻለሁ። ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቼ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ አልሰማሁም ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያወቅሁት በዚያን ቀን ነው።

ማክሰኞ ጠዋት መኪና ውስጥ ለባልደረባዬ ነገርኋት። ዝናብ ነበር፤ መንገዱ በመኪና ተዘግቶ ቆመን ነበር።

“አንዱንም?” አለች።

“አንዱንም።”

ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

“የኔታ፣ እኔ ለእርስዎ ዝም ልልዎት አልችልም” አለች። “እርስዎ ባይነግሯት እኔ ነው የምነግራት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“እኔ ነኝ የምነግራት። ላንቺ የነገርሁሽ መንገድ ላይ ሐሳቤን እንዳልለውጥ ነው።”

“እንዲያ ከሆነ በሩ ላይ አወርድዎታለሁ። ፓርክ እስካደርግ አይጠብቁኝ፣ ቀጥ ብለው ይግቡ።”

ቀጥ ብዬ ገባሁ። አሠሪዬ ከግድግዳው ወረቀት ፊት ቆማ ነበር። በመኪናው ውስጥ ሳለሁ ንግግሬን አሰናድቼ ነበር፤ ስለ ጾማችን ሥርዓት፣ ስለ ስውር ጾም፣ ስለ ሀገር ልማድ። ፊቷን ባየሁ ጊዜ ያሰናዳሁት ሁሉ ጥሎኝ ሄደ።

“ልውሱን አልቀመስሁትም” አልኋት።

“የትኛውን ዙር?”

“ስድስቱንም። ምልክቱን ያኖርሁት ሳልቀምስ ነው።”

ለጊዜው ያልገባት መሰለኝ። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

“ለምን?”

“ጾም ላይ ነኝ። ቅቤ አልበላም።”

“ይህን ብትነግረኝ ለሌላ ሰው እሰጠው ነበር።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ለምን?”

“ሽማግሌው ለሥራው አይሆንም እንዳትዪ ፈርቼ ነው።”

ጫፍ የሌላቸውን ጣቶቿን በሌላው እጇ ያዘች። አልጮኸችም፤ ብትጮኽ ይቀልለኝ ነበር። “እኔ የራሴ ምላስ የለኝም” አለች፤ “ይህን ታውቅ ነበር።” ከዚህ ሌላ አልወቀሰችኝም፤ እስከ ዛሬም አልወቀሰችኝም። ስልኳን አንሥታ ለጭነት ድርጅቱ መኪናው እንዳይመጣ ነገረች። የተያዘው አውሮፕላን አለፈ ማለት ነው። ሌላው የሚነሣው ከሁለት ቀን በኋላ ነበር፤ ሰዎቹም ካትማንዱ ላይ ስንቃቸውን መጠበቅ ሊኖርባቸው ነው።

ልውሱ በአንድ በርሜል ውስጥ ብቻ አልነበረም። አንዱ በርሜል ገደል ቢገባ ወይም ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍ፣ አንድን ምግብ በአንድ ቦታ አናከማችም። ስለዚህ ዐሥራ ሁለቱንም በርሜሎች ከፈትን። ያሸግሁትን በራሴ እጅ ፈታሁ። ባልደረባዬ ከጎኔ ተንበርክካ ከረጢት ታወጣ ነበር፤ ከማለዳ ጀምሮ ውኃ አልቀመሰችም፣ እኔም እንዲሁ።

“የኔታ፣ ጽሑፍዎ ማማሩ ዛሬ ጠቀመን” አለች ቀስ ብላ፤ “የትኛው ዙር የት እንዳለ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። የእኔ ጽሑፍ ቢሆን እስከ ዒድ እንፈልግ ነበር።”

ወደሚቀጥለው በርሜል ተሻገርሁ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እሽጎቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ በስድስት ረድፍ ቆሙ። አሠሪዬ ከየረድፉ አንዳንድ ከፈተች። በዚያን ጊዜ “እኔ ልቅመስ” አልሁ።

ባልደረባዬ ደነገጠች፤ በአማርኛ ተናገረች። “የኔታ! ጾምዎን? እኔ ማታ አለሁ እኮ።”

“ጾሙን ያፈረስሁት በብዕር ነው፣ ልጄ። ቅቤው ከዚያ አይብስም” አልኋትና ማንኪያውን አነሣሁ።

ከመጀመሪያው ዙር ቀመስሁ። ከሁለተኛው፣ ከሦስተኛው፣ እስከ ስድስተኛው ቀመስሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። አንድ ወር ያህል የእንስሳት ስብ ያልነካው ምላሴ ሁሉንም አንድ አድርጎ ተቀበለው። የመጀመሪያውም ከበደኝ፤ ስድስተኛውም ከበደኝ። ሁሉም የቆየ፣ ሁሉም የሸተተ መሰለኝ፤ ተመልሼ ስቀምስ ደግሞ ሁሉም ደኅና መሰለኝ። ሁለቱ ሴቶች ፊቴን ይመለከቱ ነበር። ስድስቱንም “መልካም” ብዬ መገላገል እችል ነበር፤ አንዱንም “መጥፎ” ብል ያምኑኝ ነበር።

“አላውቅም” አልሁ። “መለየት አልቻልሁም።”

አሠሪዬ ራሷን ነቀነቀች። ከጠዋት ጀምሮ የጠቆረው ፊቷ በዚያች ቃል ጥቂት ሲፈታ አየሁ። “እንግዲያው እንጠብቃለን” አለች።

ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቅን። መጋዘኑ ውስጥ ሦስታችን ተቀመጥን። ዝናቡ አባራ፤ በታላቁ በር በኩል ደመናው ተገልጦ በስተ ደቡብ ያለው ነጭ ተራራ ታየ። አሠሪዬ ባልደረባዬን ስለ ረመዳን ጠየቀቻት፤ እኔንም ስለ ጾሜ ጠየቀችኝ። በዝግታ፣ በምችለው እንግሊዝኛ፣ ሁሉንም ነገርኋት፦ ዐቢይ ጾምን፣ የሐዋርያትን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን፣ ረቡዕና ዓርብን። ስፈራው የኖርሁት ዝርዝር ይህ ነበር። እርሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ቀኖቹን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል?”

“ይቻላል” አልኋት። “የምናሰላበት ትምህርት አለን።”

ሰዓቱ ሲደርስ ባልደረባዬ ከቦርሳዋ ተምር አወጣች፤ አንዱን በላች፣ ውኃ ጠጣች፤ በካርቶን ላይ ሰግዳ ተመለሰች። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ከየዙሩ በቀመሰች ቁጥር ዓይኗን ጨፍና ታኝክ ነበር፤ ውኃ ትጉመጠመጥና ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት መልካም ነው አለች። በአራተኛው ላይ ቆየች። እንደ ገና ከሌላ እሽግ ቀመሰች።

“ይቺን አልወደድኳትም” አለች።

“ተበላሽቷል?” አለች አሠሪዬ።

“ተበላሽቷል ብዬ አልምልም። ግን መጨረሻው ላይ የሆነ ነገር አለ። ቤቴ ቢሆን ለልጆቼ አልሰጥም።”

አሠሪዬ ሁለተኛ አልጠየቀችም። አራተኛውን ዙር በሙሉ፣ አንድ እሽግ ሳይቀር፣ ወደ ቆሻሻው ገንዳ ጨመርነው። በእውነት ተበላሽቶ እንደ ነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። አምስተኛውና ስድስተኛው መልካም ሆኑ። በነጋታው ከአምስቱ ዙር ለሰባቱ ሰዎችና ለመሪዎቹ እንደ ገና አደላደልን፤ በርሜሎቹም ተዘግተው ሄዱ።

ከመዝጋታችን በፊት አሠሪዬ የቅምሻውን ወረቀት አመጣችልኝ። ከ“መልካም”ና ከ“መጥፎ” ቀጥሎ በማስመሪያ ሌላ ዓምድ አስምራ ነበር። “በራስህ እጅ ርእሱን ጻፍበት” አለችኝ። በእንግሊዝኛ “አልተቀመሰም” ብዬ ጻፍሁ። አሮጌዎቹን ስድስት ምልክቶች አልደለዝኋቸውም፤ በያንዳንዳቸው ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሳለፍሁና ፊደሌን በአዲሱ ዓምድ ሥር ስድስት ጊዜ አኖርሁ። ከእኔ ቀጥሎ ባልደረባዬ የራሷን ምልክት አደረገች።

የሚቀጥለው እሑድ ገብር ኄር ነበር። በጥቂቱ የታመነው በጎ አገልጋይ የሚታሰብበት ሰንበት ነው። ማኅሌቱ ላይ ቆሜ ጓደኞቼ ሲያነሡ እኔ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅስ ነበር። ለንስሐ አባቴ ሁሉን ነገርኋቸው። የቀመስሁትን ስድስት ማንኪያ ቀላል አድርገው አለፉት፤ ስለ ስድስቱ ፊርማ ግን ቀኖና ሰጡኝ። ቀኖናው ምን እንደ ነበር በእኔና በእርሳቸው መካከል ይቅር።

በበዓለ ሃምሳ፣ እኛ ረቡዕና ዓርብን እንኳ በማንጾምበት ወራት፣ ሰዎቹ በላይኛው ሰፈር ነበሩ። ከሰባቱ አምስቱ ጫፍ ደረሱ። መምህርቲቱ አልደረሰችም፤ በመጨረሻው ሰፈር እግሯ ስለ ቀዘቀዘ መሪዋ መለሳት። ክረምቱ ሲገባ ወደ መጋዘኑ መጣች። ስለ ጫፉ ብዙ አልተናገረችም። ከኪሷ የተጨማደደ ባዶ እሽግ አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችልኝ። “ይህ ወርዶልኛል” አለች። በእሽጉ ላይ “ሦስተኛ ዙር” የሚለው ጽሑፌ አልጠፋም ነበር።

ያን ጊዜ ሳልቀምስ እንደ ፈረምሁ ነገርኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። “ግን ከመሄዱ በፊት ነው የተናገርኸው” አለች፤ ይህ ለእኔ ማጽናኛ ይሁን ወቀሳ ለይቼ አላወቅሁም።

ዛሬ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ከተራራው ወረቀት አጠገብ ሌላ ወረቀት አለ። አሠሪዬ የማሰናጃውን ቀን ከመቁረጧ በፊት የዓመቱን ጾም እንድናስገባላት ትጠይቀናለች። እኔ በባሕረ ሐሳብ መጥቅዑንና አበቅቴውን አስልቼ የእኛን በቀይ ቀለም እጽፋለሁ፤ ባልደረባዬ የእነርሱን በአረንጓዴ ትጽፋለች፣ “ጨረቃዋ ከፈቀደች” የሚል ቃል ሳትጨምርበት አትቀርም። በስውር ልጠብቀው የፈለግሁት ጾሜ ለመንገደኛ ሁሉ በሚታይ ቦታ ተሰቅሏል። መጀመሪያ ሳልፍ ዓይኔን ዝቅ አደርግ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ለመጸው ጉዞ ስናሰናዳ ፍልሰታ ገባ። የመጀመሪያው ዙር ልውስ በመጣ ጊዜ ወረቀቱን ሳብሁና በሦስተኛው ዓምድ ሥር ፊደሌን ጽፌ እሽጉን ለባልደረባዬ አሳለፍሁላት።

“ቢስሚላህ” አለችና ቀመሰች። ረጅም ጊዜ አኘከች። “የኔታ፣” አለች፣ “ያመለጠዎትን ቢያውቁ!” ብዕሩን ከእጄ ወስዳ “መልካም” በሚለው ሥር ፈረመች።